በገጽ ስልሳ አንድ ያለው ወጥመድ

የካቲት 28

ለተከበሩ ደራሲ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ሳያውቁኝ በመጻፌ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለደራሲ ጽፌ አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ለማንም ጽፌ አላውቅም። አድራሻውን ያገኘሁት ከመጽሐፉ ጀርባ ነው። የአሳታሚው ነው፤ እነሱ ያደርሱልኛል ብዬ ነው።

የጻፍኩት ስለ ገጽ ስልሳ አንድ ነው። መርከብዎ ሰጥሞ ደሴቲቱ ላይ ከወጡ በኋላ፣ አብሮዎት የተረፈው ሰው የዓሣ ወጥመድ ከቀጫጭን እንጨት ይጎነጉናል። ሁሌ ከኋላዎ ስለሚከተል «ጭራ» ያሉት ሰው ማለቴ ነው። እርስዎም «ስህተቱን አሳየሁት፤ የወጥመዱን አፍ ከውጭ ጠባብ፣ ወደ ውስጥ ሰፊ አድርጌ አስተካከልኩለት፤ ጭራም በአድናቆት እጆቼን ይመለከት ነበር» ይላሉ።

ተገልብጧል። አፉ ከውጭ ሰፊ ሆኖ ወደ ውስጥ እየጠበበ ነው መሄድ ያለበት። ዓሣው በሰፊው ዘው ብሎ ይገባል፤ ልመለስ ሲል ጠባቡን ቀዳዳ አያገኘውም። እርስዎ እንዳሉት ከተሠራ ግን መግቢያው ይጠፋበታል፤ እንደ ምንም ቢገባም በሰፊው በኩል እንደ እንግዳ ተሰናብቶ ይወጣል። በእንዲህ ያለ ወጥመድ ሁለት ሰው አሥራ አንድ ወር ቀርቶ አሥራ አንድ ቀን አይከርምም። ግልጽ እንዲሆንልዎ ከታች ከነቋጠሮው ስዬዋለሁ።

መጽሐፉ ሚያዝያ 24 በሬዲዮ መነበብ እንደሚጀምር ሰምተናል። ከዚያ በፊት ቢያስተካክሉት ብዬ ነው። ስለደፈርኩ ይቅርታ።

ከመረብ ሥራ ቤት፣
አንድ አንባቢ


መጋቢት 7

ለተከበሩ አባት፣

ደብዳቤዎን ሳነብ ጢምዎ ላይ የደረቀው ጨው ሁሉ ታየኝ። እግዜር ይስጥልኝ። መጽሐፉ ከወጣ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ተማሪዎች ጽፈውልኛል፣ መምህራን ጽፈውልኛል፣ አንድ ጊዜ ከእስር ቤት አንድ ሰው ጽፎልኛል። ወጥመዱ ተገልብጧል ያለኝ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።

ቅር አይበልዎትና፣ ወጥመዱን የሠራሁት በእነዚህ እጆቼ ነው፤ ዓሣውንም የበላሁት በዚሁ አፌ ነው። ምናልባት የእናንተ ዓሣና የደሴቲቱ ዓሣ ጠባያቸው ይለያይ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ሥራ አስፈታኝ። የሳሉት ቋጠሮ፣ ጫፉ ሁለቴ ዞሮ በራሱ ሥር የሚገባው፣ መጽሐፌ ውስጥ የለም። በዕድሜዬ ሲታሰር ያየሁት በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው። ማን አስተማረዎት?

አክባሪዎ፣
ደራሲው


መጋቢት 15

ለተከበሩ ደራሲ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። መልስ ይጽፋሉ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ደብዳቤውን የተቀበለችው አለቃችን ናት። «ዝምታ! ደብዳቤ መጥቶልሻል!» ብላ ስትጮህ የሥራ ቤቱ ሴቶች በሙሉ መርፌያቸውን አስቀምጠው አዩኝ። ዝምታ የሚሉት እኔን ነው። የምሰፋው መረብ ውስጥ ተጠቅልዬ ብጠፋ ደስ ባለኝ።

መጀመሪያ ነገር፣ አባት አይደለሁም፤ ጢምም የለኝም። ሴት ልጅ ነኝ፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። የተማርኩት እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው።

ስለ ዓሣ ጠባይ ላሉኝ። ልክ ገጽ ስልሳ አንድ እንደሚለው አንድ ወጥመድ ጎንጉኜ ከወደቡ ግንብ ሥር ሦስት ቀን አዋልኩት። አለቃችን ጎትታ ስታወጣው ውኃ ብቻ ነው ያለው።

«የማን ሥራ ነው ይሄ?» አለች።

«የመጽሐፍ» አልኳት።

«ታዲያ ሄዶ ወረቀት ያጥምድበታ!»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔም ስቄያለሁ።

ቋጠሮውን ማን አስተማረዎት ላሉት። እዚህ ላይ ስደርስ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። ያስተማረኝ አያቴ ነው፤ የእናቴ አባት። በልጅነቱ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ በኋላ አንድ ዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ የወጥ ቤት ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። መርከቡ ሰጠመ። ከአንድ ወጣት መምህር ጋር ሰው የሌለበት ደሴት ላይ አሥራ አንድ ወር ኖረ።

እርስዎ ጭራ ያሉት አያቴ ነው። በሕይወት አለ፤ ደህናም ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለነገርኩዎ ይቅርታ።

ዝምታ


መጋቢት 26

ለተከበሩ ደራሲ፣

ሦስቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። ፖስተኛው «በሳምንት ሦስት! እጮኛ አገኘሽ እንዴ?» አለኝ። አያቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው ልለው አሰብኩና ዝም አልኩ።

እግሩ ደህና ነው፤ ብርድ ሲሆን ብቻ ያነክሳል። አዎ፣ አሁንም ያፏጫል፤ ያንኑ አንዱን ዜማ። መጨረሻውን አሁንም አያውቀውም። ሚስቱ፣ አያቴ ማለት ነው፣ እኔ ሳልወለድ ሞታለች። ያገባት ከደሴቲቱ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ስለዚህ አያውቋትም። እርስዎን «መምህር» ይልዎታል። ስምዎን ጠርቶ አያውቅም።

ተቀይሟል ወይ ላሉት፣ አልተቀየመም። ችግሩም ይኸው ነው። ያልተቀየመው መጽሐፉ ምን እንደሚል ስለማያውቅ ነው።

እንዲህ ሆነ። አያቴ ማንበብ አይችልም። መጽሐፉን ከአልጋዬ ሥር ደብቄው ነበር። ገመድ ሲፈልግ አገኘውና ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው አሳየው፤ ልብስ ሰፊው ርዕሱንና የእርስዎን ስም አነበበለት። አያቴ ሥራ ቤት ድረስ መጣ። «የመምህር መጽሐፍ ቤቴ ውስጥ እያለ ዓይን ያለሽ ልጅ ዝም ትይኛለሽ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከምሳ በኋላ፣ ወደ ሥራ ሳልመለስ፣ በየቀኑ ጥቂት ገጽ አነብለታለሁ።

ጭራ መጀመሪያ የሚናገርበት ቦታ አለ፤ «እኔ ፈራ! ጌታ አድን እኔ!» የሚለው። እዚያ ስደርስ አፌ እምቢ አለኝ። አያቴና እርስዎ አንድ ቋንቋ አይደለም እንዴ የምትናገሩት? እንዲህ ብሎ ያውቃል? ቀና ስል እጁን ጆሮው ላይ ደግፎ እየጠበቀኝ ነው። ስለዚህ እሱ ሊል ይችላል ብዬ ያሰብኩትን አነበብኩ። «አንተ መምህር፣ ልቅሶህን ተውና ያንን ሳንቃ ያዝ!»

ጭኑን በጥፊ መታ። «ይሄንኑ ነው ያልኩት! ቃል በቃል! ለካ መምህር አልረሳም!»

ከዚያ በኋላ ማቆም አቃተኝ። እሳቱን ያነደደው አያቴ ሆነ። ወጥመዱ የሱ ሆነ። ጭራ የሚለውን ሁሉ «ባልንጀራዬ» እያልኩ አነበብኩ። አንዳንዴ ራሱ ያርመኛል፤ «እዚህ ጋ መምህር ተሳስቷል፤ ዝናቡ የመጣው ከእሳቱ በኋላ ነው» ይላል፤ እኔም «አዎ፣ ቀጥሎ እንደሱ ይላል» እለዋለሁ። እኔ ሱቅ ገብቼ ጨው ስጠይቅ እንኳ ሁለቴ በይ የምባል ሰው ነኝ። ለሱ ሳነብ ግን ልብስ ሰፊው በግድግዳው በኩል «እስቲ ቀስ በይ፣ መርፌ ወጋኝ» ብሎ ጮኋል።

አሁን ሬዲዮው መጣ። አያቴ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሯል። «እኔን በሬዲዮ ሊያነቡኝ ነው» ይላል። አለቃችን ሬዲዮዋን ልታመጣ ነው፤ ሥራ ቆሞ ሁሉም ሊሰማ ነው። ለአያቴ ወንበር ከፊት ተይዞለታል። ሚያዝያ 24 ቀን፣ ሠላሳ ሰው እያየው፣ «ጌታ አድን እኔ» ሲባል ሊሰማ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ከዚያ በፊት ይለውጡት። ልምጣ ወይ ላሉት ደግሞ፣ እባክዎ አሁን አይምጡ። መጀመሪያ ይለውጡት።

ዝምታ


መጋቢት 30

ልጄ ዝምታ፣

«አልረሳም» ማለቱን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም።

የሬዲዮው ሰዎች ጽሑፉን ተረክበዋል። ጠይቄአቸዋለሁ፤ እስከ ሚያዝያ 18 እርማት ይቀበላሉ፤ እነሱ ያሰቡት ግን ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብ ነው። አንቺ የምትጠይቂኝ ሌላ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ረቂቄ ላይ «እኛ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። አሳታሚው አንብቦ «መጽሐፍ የሚሸከመው አንድ ጀግና ነው፤ ማንኛችሁ ነው?» አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ፊት ለፊቱ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ አያትሽ እዚያ አልነበረም። አንዴ እኔ ነኝ ካልኩ ቀሪው በራሱ መጣ። በየገጹ እኔ ስረዝም እሱ አጠረ። የሰፈሩን ስም፣ የወደቡን ስም ነግሮኝ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ሥራ በዛብኝ ብዬ አልጻፍኩለትም። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ደግሞ ምክንያት መፈለጉንም ተውኩት፤ አፈርኩ።

ለውጠው ማለት ሠላሳ ስድስት ዓመት ዋሽቻለሁ በል ማለት ነው። ይህን መጽሐፍ በልጅነታቸው አንብበው መምህር የሆኑ ሰዎች አሉ። ጥሩ መግቢያ ልጻፍና በስሙ ምስጋና ላቅርብ? በሬዲዮ ከሁሉ በፊት እንዲነበብ አደርጋለሁ። አይበቃም?

መጽሐፌ በሰባተኛ ክፍል እንደሚነበብ አውቃለሁ። አንቺም ከሰባተኛ ክፍል ነው የወጣሽው። በኔ ምክንያት ከሆነ አትደብቂኝ።

ደራሲው


ሚያዝያ 5

ለተከበሩ ደራሲ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን፤ ደህንነታችንን ከታች እጽፋለሁ።

ትምህርት ያቆምኩት በመጽሐፍዎ ምክንያት አይደለም። ያን ያህል ትልቅ ቦታ ለራስዎ አይስጡ። እናቴ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ በመረብ ቤቱ ያላት ቦታ ለሌላ እንዳይሰጥ እኔ ገባሁ። በቃ። ክፍል ውስጥ ሲነበብ ግን ነበርኩ። አንድ ልጅ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ተንበርክኮ ጭራን ሲመስል ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የሚያሳፍረኝ ያ ነው፤ እሱ ደግሞ የራሴ ነው።

ምስጋናውን አንፈልግም። መግቢያው ላይ አመስግነውት ገጽ ስልሳ አንድ ላይ ዕቃ ያዥ ካደረጉት፣ ሰው የሚያስታውሰው ገጽ ስልሳ አንድን ነው።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ ሁለት ቀን አሰብኩ። እርስዎን «ዋሽቻለሁ ይበሉ» እላለሁ፤ እኔ ራሴ ግን በየቀኑ ከምሳ በኋላ እዋሻለሁ። አያቴንም እንደ ሕፃን ቆጥሬዋለሁ። ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት እንደታተመው አነበብኩለት። ጭራውንም፣ ጌታውንም፣ ወጥመዱንም።

«ድገሚው» አለ። ደገምኩት።

«እኔ እንዲህ ነው የማወራው?»

«አይደለም፣ አባባ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ያነበብሽልኝ ማን የጻፈው ነው?»

«እኔ።»

«አንቺ?» አለና ዞሮ ልክ እንግዳ ሰው እንደሚያይ አየኝ። «ያቺ ዝምታ?»

ቀጥሎ «ያንቺው ይሻላል» አለ። «እሱ እዚያው ነበር፤ አንቺ አልነበርሽም፤ ያንቺው ግን ይሻላል።» የወጥመዱን አፍ ነገር እንደገና አስነበበኝና ሳቅ ያዘው። «አሥራ አንድ ወር ሙሉ የበላበትን ወጥመድ! እንዴት አድርጎ ገለበጠው?» እያለ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ ግን በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አላፏጨም። ትናንትም አላፏጨም።

«ሬዲዮው ይቅር ልበላቸው?» አልኩት።

«ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ እኮ» አለ። ከዚያ ደግሞ «ጭራ ያለኝ ምን ሆኖ ነው? ሁለት ሰው ብቻ ያለበት ደሴት ላይ ስም ምን ይሠራል? እሱ ‹አንተ› ይለኛል፣ እኔ ‹መምህር› እለዋለሁ፤ አለቀ» አለ። ልምጣ ማለትዎን ስነግረው በመጨረሻ «ይምጣ» አለ።

ስለዚህ ይምጡ። ግን መጽሐፉን ይዘው ነው። የሚያነቡለት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ከእንግዲህ አላነብም። ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምሩ። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ፊቱን እያዩ ሲያነቡ የትኛው መስመር እንደማይወጣ አፍዎ ራሱ ይነግርዎታል። እምቢ ያለዎት ቦታ ላይ በእርሳስ ያስምሩ። መለወጥ ያለበት እሱ ብቻ ነው። ሳይደናቀፉ ያነበቡትን ማንም አይነካብዎትም።

ሁሉም ከወጣልዎት፣ አንድ ሳይቀር፣ መጽሐፉ እንዳለ ይቆይ። እኔም ለአለቃችን ሬዲዮዋን አታምጪ እላታለሁ፤ ለአያቴም ምክንያት አላጣም።

ጠንከር ብዬ ከሆነ ይቅርታ። አይደለም፤ ይቅርታ አልልም።

ዝምታ


ሚያዝያ 10

ልጄ፣

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። እርሳስ ገዝቻለሁ፤ ሁለት።

ትናንት ብቻዬን በሬን ዘግቼ ሞክሬው ነበር። ባዶ ወንበር ፊት እንኳ ገጽ ዘጠኝን አላለፍኩም።

ደራሲው


ሚያዝያ 17

ለተከበሩ ደራሲ፣

በሰላም ገብተው ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን።

በሰላም መጡ ብዬ እንኳ ሳልጨርስ ወደ ደጅ በመውጣቴ ይቅርታ። ደብዳቤ ላይ እንደዚያ ደንፍቼ እርስዎ ሲመጡ አፌ ተያዘ። የሆነውን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ እኔ በር ላይ መረብ እየሰፋሁ ነበር፤ ሁሉን አልሰማሁም። ድምፅዎ ቀጥ ሲል ሰምቻለሁ። «ቀጥል እንጂ መምህር፣ ምን ዋጠህ?» ሲልዎት ሰምቻለሁ። ከዚያ ብዙ ጊዜ የሰማሁት እርሳሱን ብቻ ነው። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ «ምንድን ነው፣ ተኙ እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል። ወደ ማታ ገደማ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ መጮኽ ስትጀምሩ ተጣሉ ብዬ ዘልዬ ገባሁ። ለካ የምትከራከሩት የመጀመሪያው ዓሣ ስንት ክንድ ነበር በሚለው ነው።

ያሰመሩባቸውንና በዳር የጻፉባቸውን ገጾች እንዳሉኝ በንጹሕ ገልብጫለሁ። ሰባ አራት ገጽ ነው። የእጅ ጽሕፈትዎ ሲደነግጡ እንደሚከፋ ነግሮዎት የሚያውቅ አለ? የማይነበበውን አያቴን እየጠየቅኩ ሞላሁ፤ እሱ እዚያው ስለነበረ አላስቸገረንም። ጭራ የሚለው የትም የለም። ወጥመዱ ተቃንቷል፤ አለቃችን አንብቤላት «አሁን ዓሣ ይገባበታል» ብላለች።

አንድ ገጽ ብቻ አጨቃጨቀን፤ እሱን ልንገርዎት።

ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ጭራ በትኩሳት ዘጠኝ ቀን ይወድቃል፤ እርስዎ በጀርባዎ አዝለው ወደ ምንጩ ያመላልሱታል። ይህን ለአያቴ ሳነብለት ከስሙ በቀር አንድ ቃል አልለወጥኩም ነበር። ጥሩ ሠርተዋል ብዬ ስለ እርስዎ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱም አላረመኝም። ቅዳሜ ግን በዳሩ ላይ «የታመምኩት እኔ ነኝ፤ ያዘለኝ እሱ ነው» ብለው ጽፈዋል።

ትናንት ስገለብጥ እዚያ ገጽ ላይ መድረሴን እንዴት እንዳወቀ አላውቅም። «ያንን ተዪው» አለኝ።

«የቱን?»

«የትኩሳቱን። እንደ ድሮው ጻፊው። እኔ ልታመም።»

«አባባ፣ ለምን?»

«መምህር ነው፤ ተማሪዎች አሉት። ዘጠኝ ቀን ተሸክሜው አንድም ቀን አልጣልኩት፤ አሁን በሬዲዮ፣ አገር እየሰማ፣ ልጣለው?»

«ያን ጊዜ ሳነብልህም እውነቱን ታውቅ ነበር?»

«እንዴት አላውቅም? ጀርባው የኔ ነው።»

ብዕሬን ይዤ ተቀመጥኩ። እሱ የጠየቀኝን እምቢ ብዬው አላውቅም። ስለ ወጥመዱ፣ ስለ ጭራ፣ ስለ ጌታ ብዬ ስጽፍልዎት የተዋጋሁት ለሱ ነው፤ አሁን ደግሞ የሚሟገተኝ ራሱ ሆነ። እሱ እንዳለው ብጽፈው እርስዎ እስከ ሬዲዮው ቀን አያውቁም ነበር። አሰብኩበት።

«አባባ» አልኩት፣ «አንተ እኮ እየጣልከው አይደለም። ራሱ ነው አውርደኝ ሊልህ የመጣው።»

ተነሥቶ በሩ ድረስ ሄደ፣ ተመለሰ። ትከሻውን በእጁ አሸት አሸት አደረገ።

«ከባድ ነበር» አለ። «አጥንቱ ብቻ ቀርቶም ከባድ ነበር።»

ቁጭ አለና እግሩን ዘረጋ።

«በይ እሺ» አለ። «ይውረድ።»

ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን እርስዎ እንዳሉት ጽፌዋለሁ። ፖስታ በጊዜ ስለማይደርስ ሰባ አራቱንም ገጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጠዋቱ አውቶቡስ ሹፌር እጅ ልኬያለሁ። ዛሬ ማታ ቤትዎ ድረስ ያመጣልዎታል፤ ነገ በጠዋት ለሬዲዮ ቤቱ ያስረክቡ። አንድ ቃል እንዳይለውጡበት።

ዝምታ